ኦቶፋጂ በጡንቻ ሕዋስ ውስጥ ምንድን ነው? የጆንያው ሰልፍ ስለ ዱቄቱ አይናገርም

«ምግብ ካቆሙ ከ16 ሰዓት በኋላ ኦቶፋጂ ይበራል፤ ያኔ ሰውነት የገዛ ጡንቻውን መብላት ይጀምራል» የሚል አስተያየት ሰሞኑን እንደገና አነበብኩ። ጸሐፊው በሙሉ ልብ የጻፉት ይመስላል፤ ተቀባይም አላጡም። በዚህች አጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግን ሁለት ስሕተቶች ተደራርበዋል፤ አንደኛው ኦቶፋጂ፣ ማለትም ሕዋስ ያረጁና የተበላሹ ክፍሎቹን ፈጭቶ መልሶ የሚጠቀምበት ሂደት፣ እንደ አምፖል የሚበራና የሚጠፋ ነገር ነው ማለት ሲሆን፣ ሁለተኛው የሚበላው ጡንቻው ነው ማለት ነው። እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ የመጀመሪያው ነው፤ ምክንያቱም መልኩን ለውጦ በምርምር ጽሑፎች ውስጥም ደጋግሞ ይገጥመኛል።

በሁለተኛው ልጀምርና ቶሎ ልለፈው። ቃሉን በ1963 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) ያወጣው ቤልጂየማዊው ክርስቲያን ደ ዱቭ ነው፤ ከግሪክኛው ሲፈታም «ራስን መብላት» ማለት ነው። የሚበላው ግን በሕዋሱ ውስጥ የተበላሸ ማይቶኮንድሪያ (የሕዋሱ ጉልበት ማመንጫ)፣ የተጓጎለ ፕሮቲን፣ አንዳንዴም ግላይኮጅን የተባለው የተከማቸ ስኳር ነው። ጡንቻው በሚከሳበት ጊዜ የሚኮማተሩትን የፕሮቲን ክሮች በዋናነት የሚያፈርሰው ሌላ ሥርዓት፣ ማለትም በሚወገደው ፕሮቲን ላይ ምልክት ለጥፎ የሚቆራርጠው የዩቢኩዊቲንና የፕሮቲአሶም መንገድ ነው። ሁለቱ የሚምታቱበት ምክንያት አላቸው፤ ፎክስኦ3 የተባለው ፕሮቲን ሁለቱንም በአንድ ላይ እንደሚቀሰቅስ በ2007 በአይጥ ጡንቻ ላይ ታይቷል። ሆኖም አንድ አዛዥ ሁለት ሠራተኞችን ስላዘዘ ሠራተኞቹ አንድ ሰው አይሆኑም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ወፍጮ ቤት እናስብ። የሚፈጨው እህል ያረጀው የሕዋስ ክፍል ነው፤ እህሉ የሚቋጠርበት ጆንያ ድርብ ሽፋን ያለው ኦቶፋጎሶም ነው፤ የወፍጮው ድንጋይ ላይሶሶም፣ ማለትም በሚያፈራርሱ ኢንዛይሞች የተሞላው የሕዋሱ ከረጢት ነው፤ ዱቄቱ ደግሞ ሕዋሱ መልሶ የሚሠራበት አሚኖ አሲድ ነው። ኦቶፋጂ የምንለው ከእህሉ እስከ ዱቄቱ ያለውን ፍሰት በሙሉ እንጂ ጆንያውን ብቻ አይደለም።

ጆንያ መሰፋት እንዲጀምር ትእዛዝ የሚያስተላልፈው ዩኤልኬ1 የተባለው ኢንዛይም ነው። ኢንሱሊንና አሚኖ አሲድ በበቂ መጠን በሚገኙበት ጊዜ ኤምቶርሲ1 የተባለው የፕሮቲን ስብስብ ዩኤልኬ1 ላይ ፎስፌት ለጥፎ ይገታዋል። የሕዋሱ ጉልበት ሲቀንስ ደግሞ ኤኤምፒኬ የተባለው ኢንዛይም በሌሎች ቦታዎች ላይ ፎስፌት እየለጠፈ ዩኤልኬ1ን ያነቃዋል ተብሎ ይማራል፤ የቅርብ ዓመታት ሥራዎች ግን ኤኤምፒኬ በአንዳንድ ሁኔታዎች ዩኤልኬ1ን ሊገታም እንደሚችል ስላሳዩ፣ የመማሪያ መጻሕፍቱን ንጹሕ ሥዕል በጥንቃቄ ማየት ይገባል። ከእነዚህ ፈጣን ትእዛዞች ኋላ ዘገምተኛው ፎክስኦ3 አለ። ኢንሱሊን ባለበት ጊዜ ኤኬቲ የተባለው ኢንዛይም ከኒውክሊየስ ውጭ ያቆየዋል፤ ኢንሱሊን ሲቀንስ ግን ወደ ኒውክሊየስ ገብቶ ለጆንያው መሥሪያ የሚሆኑ ፕሮቲኖች ጂኖች እንዲነበቡ ያደርጋል።

እነዚህ ፕሮቲኖች ፍሰቱን የሚያፋጥኑና የሚያዘገዩ ናቸው እንጂ አብርተው የሚያጠፉ አይደሉም። እንዲያውም ረሃቡ ሲራዘም ዱቄቱ፣ ማለትም ከላይሶሶም የወጣው አሚኖ አሲድ፣ ኤምቶርሲ1ን መልሶ ያነቃውና ፍሰቱ ይረግባል። ዱቄቱ ተመልሶ ባለወፍጮውን «በቃ» የሚልበት ወፍጮ ቤት አይቼ አላውቅም፤ ምሳሌዬ እዚህ ላይ ትንሽ መንገዳገዱን አምናለሁ፣ ነገር ግን ገና አልጨረስኩበትም።

ምክንያቱም ትልቁ ስሕተት የሚፈጸመው በወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነው። ኤልሲ3 የተባለው ፕሮቲን ከስብ ጋር ተያይዞ በጆንያው ሽፋን ላይ ስለሚለጠፍ፣ ተመራማሪዎች የተለጠፈውን ኤልሲ3 በመለካት የጆንያዎቹን ብዛት ይገምታሉ። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው። ከዚያ ግን «ኤልሲ3 ስለጨመረ ኦቶፋጂ ጨምሯል» ተብሎ ይደመደማል። በወፍጮ ቤቱ በር ላይ ረጅም የጆንያ ሰልፍ ያየ ሰው እህል በብዛት እየመጣ ነው ሊል ይችላል፤ ይሁንና ድንጋዩ ተሰብሮ አንድም ጆንያ ሳይፈጭ ውሎ ቢሆንስ? ሰልፉ በሁለቱም ምክንያት ይረዝማል። ባዶ ደጃፍም እንዲሁ ሁለት ትርጉም አለው፤ እህል አልመጣም ይሆናል፣ ወይም የመጣው ሁሉ ወዲያው እየተፈጨ ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ላምፕ2 የተባለው የላይሶሶም ፕሮቲን በሚጎድልበት የዳኖን በሽታ፣ እንዲሁም በላይሶሶም ውስጥ ግላይኮጅንን የሚፈጨው ኢንዛይም በሚጎድልበት የፖምፔ በሽታ፣ የጡንቻ ክሮች ባልተፈጩ ከረጢቶች ይታጨቃሉ። የወባ መድኃኒት የሆነው ክሎሮኪን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የሚያስከትለው የጡንቻ ሕመምም በአጉሊ መነጽር ሲታይ ተመሳሳይ ገጽታ አለው፤ ክሎሮኪን ጆንያ አያበዛም፣ ድንጋዩን ያግዳል። በእነዚህ ናሙናዎች ላይ ኤልሲ3 ብቻውን ቢለካ «ኦቶፋጂው እጅግ ጥሩ ነው» የሚል ውጤት ይወጣ ነበር።

ስለዚህ በቤተ ሙከራ ትክክለኛው መንገድ ድንጋዩን ሆን ብሎ ማገድና ሰልፉ በስንት ፍጥነት እንደሚረዝም፣ ካልታገደው ጋር በማነጻጸር መለካት ነው። በአይጦች ላይ ይህ ይቻላል። በሕይወት ባለ ሰው ጡንቻ ላይ ግን በቀላሉ የሚደረግ ስላልሆነ፣ በመርፌ ከተወሰደች ቁራጭ የምናገኘው የአንድ ቅጽበት ፎቶግራፍ ነው። ጆንያው ከእነጭነቱ ሲፈጭ አብሮ የሚጠፋውን ፒ62 የተባለ ፕሮቲን መለካት ይረዳል፤ ነገር ግን የፒ62 ጂን ራሱ ሕዋሱ በሚጨነቅበት ጊዜ ይበልጥ ስለሚነበብ፣ ብቻውን ምስክር ሊሆን አይችልም።

ፍሰቱ ቢቆም ጡንቻው ይተርፋል ብለው ለሚያስቡም መልሱ ከተሰጠ ቆይቷል። በ2009 በወጣ ጥናት ለጆንያው መሠራት የግድ የሆነው የኤቲጂ7 ጂን ከአይጦች የአጥንት ጡንቻ ላይ ብቻ እንዲጠፋ ተደረገ። «ራስን መብላት» ስለተከለከለ ጡንቻው መወፈር ነበረበት፤ የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ጡንቻው ሳሳ፣ ደከመ፣ የተበላሸ ማይቶኮንድሪያም ተከማቸበት። በ2013 ደግሞ ጆንያ መሰፋቱን የሚገታው ኤምቶርሲ1 ያለማቋረጥ እንዲሠራ የተደረገባቸው አይጦች ዕድሜያቸው ሲገፋ የጡንቻ ሕመም እንደሚይዛቸው ታየ። ፎክስኦ3 ከልክ በላይ ሲሠራም ጡንቻ ይከሳል፤ ስለዚህ «ብዙ ኦቶፋጂ ጥሩ ነው» የሚሉትም፣ «ኦቶፋጂ ጡንቻ ይጨርሳል» የሚሉትም ያልጠየቁት ጥያቄ አለ፤ ከምን አንጻር ብዙ?

ወደ 16 ሰዓቱ ልመለስ። በ2004 በወጣ ጥናት፣ ኤልሲ3 በሚያበራ ቀለም እንዲታይ የተደረገባቸው አይጦች ለ24 ሰዓት ምግብ ሲከለከሉ፣ ፈጣን ክሮች ባሉት ጡንቻ ውስጥ ዝግተኛ ክሮች ካሉት ይልቅ ብዙ ጆንያዎች ታይተዋል። እንግዲህ በአንድ እንስሳ ውስጥ እንኳ አንድ ሰዓት ለሁሉም ጡንቻ አይሠራም። የአይጥ ሜታቦሊዝም ደግሞ ከሰው እጅግ ፈጣን ስለሆነ፣ ለአይጥ አንድ ቀን መራብ ለሰው አንድ ቀን ከመራብ ጋር አይነጻጸርም። በሰው ላይ የተደረጉ በርካታ ጥናቶች ከአካል ብቃት እንቅስቃሴ በኋላ የተለጠፈው ኤልሲ3 መቀነሱን አሳይተዋል፤ በአይጥ ላይ ግን እንቅስቃሴ ቤክሊን 1 የተባለውን ፕሮቲን ከሚያስረው ቢሲኤል2 እያላቀቀ ኦቶፋጂን እንደሚያነሣሣ በ2012 ታይቷል። የሰውን ውጤት ያየ ሰው «ቀነሰ» ከማለቱ በፊት ጆንያው ባለመሰፋቱ ነው ወይስ ቶሎ በመፈጨቱ ብሎ መጠየቅ አለበት።

አስተያየት ሰጪው «ታዲያ በስንት ሰዓት ይበራል?» ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል። በጡንቻ ውስጥ አልጠፋም ነበር። ጡንቻ ጭነት ተሸክሞ ሲኮማተር በክሮቹ መያዣ መስመር ላይ ያለው ፊላሚን የተባለ ፕሮቲን ይጎዳል፤ ባግ3 የተባለው ረዳት ፕሮቲንም ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የተጎዳውን እየለየ ወደ ጆንያው ይልካል። ይህ ሥራ የሚቀሰቀሰው በረሃብ ሳይሆን በውጥረት ነው፤ ስለዚህ ሰውየው ጠግበው በልተው ደረጃ ሲወጡም ወፍጮው ይሠራል።