ሲምኖንን ገና ለምትጀምሩ፦ ስለ ሜግሬ የሚወራውና እውነቱ

የዦርዥ ሲምኖንን የወንጀል ልብወለዶች ገና ልታነቡ ከሆነ እድለኞች ናችሁ። ችግሩ ከመጽሐፉ በፊት ወሬው ይደርሳል፤ ብዙው ደግሞ ልክ አይደለም።

«ፈረንሳዊ ነው።» አይደለም። በ1903 እ.ኤ.አ. ሊየዥ የተወለደ ቤልጂየማዊ ነው። ፈረንሳዊው የፓሪሱ ፖሊስ ኮሚሽነር ሜግሬ ነው፤ ገጸ ባሕሪው።

«ሜግሬ ማለት ሌላው ሼርሎክ ሆልምስ ነው።» አንባቢን የሚያሳስተው በተለይ ይሄ ነው። ሜግሬ አሻራና አመድ እየመረመረ የሚራቀቅ ሰው አይደለም። ሰፈሩ ውስጥ ይገባል፣ ፒፓውን ይለኩሳል፣ ቢራ ያዛል፣ ዝም ብሎ ሰዎቹን ያያል። ሟቹ ከማን ጋር ይውል ነበር? ሚስቱ ለምን አላለቀሰችም? እሱን የሚያስጨንቀው ማን ገደለ ብቻ ሳይሆን ሰውየውን እዚህ ያደረሰው ምንድን ነው የሚለው ነው። ስለዚህ ገዳዩን ቀድማችሁ ብታውቁትም መጽሐፉን አታስቀምጡትም። አንዳንዴ እኮ ሜግሬ ራሱ ለጥፋተኛው ያዝናል።

«ከመጀመሪያው ጀምሮ በተራ መነበብ አለበት።» የሜግሬ ልብወለዶች 75 ናቸው፤ እያንዳንዱ ራሱን ችሎ ይቆማል። እኔ በ1931 የወጣውን «ቢጫው ውሻ»ን እመርጣለሁ። ኮንካርኖ በምትባል የወደብ ከተማ፣ ሌሊት፣ ኃይለኛ ነፋስ አለ። ሞቅ ያለው አንድ የወይን ጠጅ ነጋዴ ከሆቴል ይወጣል። ሲጋሩን ለማቀጣጠል ከነፋሱ ሸሽቶ አንድ ባዶ ቤት ደጃፍ ይጠጋል። ከዚያ ይወድቃል። ጥይቱ የመጣው ከውስጥ፣ በበሩ የደብዳቤ ማስገቢያ ቀዳዳ ነው። አንድ የማንም ያልሆነ ቢጫ ውሻም እዚያው ብቅ ይላል። ይሄ ሁሉ በጥቂት ገጽ!

«በችኮላ ስለጻፈ ሥራው ተራ ነው።» አንድ ልብወለድ በአንድና በሁለት ሳምንት ይጨርስ እንደነበር እውነት ነው። ቀላልነቱ ግን የታሰበበት ነው። ወጣት ሳለ ጸሐፊዋ ኮሌት ታሪኮቹን አይታ ሥነ ጽሑፋዊ ማስዋቡን እንዲተው መከረችው። ምክሯን እስከ መጨረሻው ያዘ፤ ሲያርም ያማረውን ቃል ይሰርዝ ነበር። የኖቤል ተሸላሚው አንድሬ ዢድ ከአድናቂዎቹ አንዱ ነው።

«ድሮ የተጻፈ ስለሆነ የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ይከብዳል።» አሳታሚው ፔንግዊን ከ2013 ጀምሮ የሜግሬን ልብወለዶች በሙሉ እንደ አዲስ አስተርጉሟል። አዲሱን ትርጉም ፈልጉ።

«ሜግሬን ካነበቡ ሲምኖን አለቀ።» ሜግሬ የሌለባቸው ከመቶ በላይ ልብወለዶች አሉት፤ ራሱ «ጠንካራዎቹ» ይላቸው ነበር። በ1948 የወጣው «በረዶው ቆሻሻ ነበር» የጠላት ጦር በያዛት ከተማ ያለምክንያት ሰው ስለሚገድል ወጣት ነው። እሱን ግን ጥቂት ሜግሬዎች ካነበባችሁ በኋላ ያዙት፤ ይከብዳል።