የድሮ መኪና አዲስ ሞተር ሲገባላት፦ የነዳጅ መስመር ሥራ በባሕር ዳር

ባሕር ዳር ውስጥ አሮጌ ኮሮላ ያለው ሰው ሞተሩ ዘይት መጠጣት ሲጀምር ሁለት መንገድ አለው። ወይ ያንኑ ሞተር ያሳድሳል፣ ወይ ያገለገለ ሞተር ገዝቶ ያስገጥማል። ሞተሩ ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባው የመኪና ዕቃ ገበያ፣ ከሶማሌ ተራ፣ ተጭኖ ይመጣል። መኪናዋን ሸጦ ሌላ መግዛት ሦስተኛ መንገድ ነበር፤ አሁን ግን ከባድ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ያለችውን አክሞ መንዳት ነው እንግዲህ።

ጋራዥ ውስጥ ወሬው ሁሉ ስለ ሞተሩ ነው። ስንት ሲሲ ነው? ካምቢዮው ይገጥማል? ስለ ነዳጅ መስመሩ የሚጠይቅ ብዙም አይገኝም። ከተገጠመ በኋላ ግን መኪናዋን መንገድ ላይ የሚያስቀራት አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

የተለመደውን ቅያሬ እንውሰድ። በፈረንጆች 1987 ገበያ ላይ የወጣው የኮሮላ ትውልድ ውስጥ 2ኢ የሚባል ባለ ካርቡራተር ሞተር አለ፤ 1,295 ሲሲ ነው። ካርቡራተር ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ዕቃ ነው። በእሱ ቦታ 4ኢ ኤፍኢ ይገባል፤ 1,331 ሲሲ፣ ባለ ኢንጀክሽን፣ ማለትም ቤንዚኑን ኢንጀክተር በሚባሉ አፍንጫዎች በግፊት የሚረጭ። ሁለቱ ዘመዳሞች ስለሆኑ መቀመጫው ብዙ አያስቸግርም። ነዳጅ አቀባበላቸው ግን ለየቅል ነው። ካርቡራተር ቤንዚን በቀስታ እንዲደርሰው ነው የሚፈልገው፤ ከ0.2 እስከ 0.4 ባር ግፊት ይበቃዋል። ሞተሩ ላይ የተገጠመችው ትንሽ ፓምፕ ይህን ትችላለች። ኢንጀክሽን ግን 3 ባር ገደማ ይጠይቃል፣ አሥር እጥፍ ማለት ነው። አሮጌውን ፓምፕ ሳይቀይር የገጠመ ሰው ሞተሩን ማስነሳት አይችልም። በተቃራኒው የኢንጀክሽን ፓምፕ ካርቡራተር ላይ ከተገጠመ ነዳጁን የምትዘጋው የካርቡራተሩ መርፌ ግፊቱን መያዝ ያቅታትና ቤንዚኑ በላይ ይፈሳል። ከሥር ደግሞ የጋለ ብረት አለ።

ሁለተኛው ልዩነት መመለሻ መስመሩ ነው። 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ሲረገጥ በሰዓት 30 ሊትር ገደማ ይጠጣል። ሥራ ፈትቶ ሲቆም አንድ ሊትር እንኳ ላይሞላ ይችላል። የኤሌክትሪክ ፓምፑ ግን በሰዓት 80 ሊትርና ከዚያ በላይ ይገፋል። የተረፈው የግፊት መቆጣጠሪያውን አልፎ ወደ ሳልቫትዮ፣ ማለትም ወደ ነዳጅ ታንከሩ፣ መመለስ አለበት። የመመለሻው ቱቦ ከጠበበ ግፊቱ ይጨምራል፣ መኪናዋም ጥቁር ጭስ ታጨሳለች። ባለቤቱ ያኔ ኢንጀክተር ሊያሳጥብ ይሮጣል።

የባሕር ዳር ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ግፊት ሲያንስ ቤንዚን ቶሎ ይተናል፣ ፓምፑም በነዳጅ ፈንታ እንፋሎት ይስባል፣ በተለይ ፓምፑ ከሩቅ የሚስብ ከሆነ። የድሮ ሾፌሮች ዓባይ በረሃን ሲወጡ ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ የሚጥሉት ለዚሁ ነው። የኤሌክትሪክ ፓምፕ መግፋት ይችልበታል፤ መሳብ ግን አይሆንለትም። ስለዚህ ቦታው ከኋላ፣ ከሳልቫትዮው አጠገብ፣ ከነዳጁ ከፍታ ዝቅ ብሎ ነው። ውስጥ የሚጠመቅ ፓምፕ ከተገኘ ደግሞ ይበልጣል። ነዳጁ ራሱ ያቀዘቅዘዋል፣ ድምፁም አይሰማም።

ሌላው የከተማው ጣጣ ነዳጅ ሲጠፋ የሚመጣው ነው። ያ ሰሞን ሳልቫትዮ ሞልቶ አያውቅም። ከሰልፍ የተገኘው አሥር ሊትር ታች ይንቦጫረቃል። የካርቡራተር መኪና ሳልቫትዮ ውስጥ ነዳጁን ፓምፑ ዘንድ የሚያቆይ ግድግዳ የለም። ካርቡራተሩ የራሱ ትንሽ ጎድጓዳ ስላለው ለአፍታ ነዳጅ ቢቋረጥበት ይታገሣል። ኢንጀክሽን ግን አይታገሥም። አንድ ጓደኛዬ ቤዛዊት ኮረብታን ሲወጣ ጠመዝማዛው ላይ ሞተሩ ይቆራርጥበት ነበር። ካንዴላ (ሞተሩ ውስጥ ብልጭታ የሚያወጣውን) ቀየሩለት፤ አልተሻለውም። የካንዴላ ገመድም ቀየሩለት። ለካ ፓምፑ አየር ነበር የሚውጠው! መፍትሔው አንድ ሊትር ወይም ሁለት ሊትር የምትይዝ ትንሽ መጠባበቂያ ታንከር ናት። አሮጌው ዓይነት ደካማ ፓምፕ እሷን ይሞላል፤ ኃይለኛው ከእሷ ሥር ይስባል፤ የሞተሩ ተመላሽም ወደ እሷ ይገባል፤ ከእሷ የተረፈው ወደ ዋናው ሳልቫትዮ ይሄዳል። ወጪ አላት። እኔ ግን ከአዲስ ጎማ በፊት እሷን እገዛ ነበር።

በሃይላንድና በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ውሃና አሸዋ ይዞ ይመጣል። የአሮጌ ሳልቫትዮ ዝገት ሲጨመርበት የኢንጀክተርን ቀዳዳ ለመድፈን በቂ ነው። ከፓምፑ በፊት ሻካራ ፊልትሮ፣ ከፓምፑ በኋላ ግፊት የሚችል የብረት ፊልትሮ ያስፈልጋል። ቦታቸውን ማቀያየር አይቻልም። ደቃቁ ከፊት ከገባ ፓምፑ እየሳበ ይታነቃል።

ቱቦ ላይ መቆጠብ ሞኝነት ነው። ተራው የጎማ ቱቦ ለ3 ባር አይታመንም። ላዩ ላይ «ጄ30 አር9» (J30R9) የሚል ጽሑፍ ያለበት ይፈለግ፤ ያ ለኢንጀክሽን የተሠራ ነው። በጥርስ የሚጠብቀው የተለመደ ማሰሪያ ጎማውን ይበላዋል። ዙሪያውን እኩል የሚይዘው ይሻላል። መስመሩ ከጭስ ማውጫው መራቅ አለበት፤ ሻንሲው ላይ በየቦታው ይታሰር።

ፓምፑ የራሱ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ የራሱ ፊውዝና ወፍራም ሽቦ ይኑረው። ከቁልፉ በቀጭን ሽቦ ከተሳበ ኃይሉ ይወርዳል፣ ግፊቱም አብሮ። ሪሌውን የሚያዘው ደግሞ የሞተሩ ኮምፒዩተር መሆን አለበት። ሞተሩ ሲዞር ያሠራዋል፤ ካልዞረ ያቆመዋል። አንዳንድ ኤሌክትሪሺያን ለማቃለል በቀጥታ ያገናኘዋል። መኪና ተጋጭታ ቱቦ ቢበጠስ ሞተሩ ይቆማል፣ ፓምፑ ግን ቤንዚን መርጨቱን ይቀጥላል።

ሳልቫትዮ ላይ አዲስ ቀዳዳ ለማውጣት ብየዳ የሚጠራ አለ። ባዶ ሳልቫትዮ ከሙሉው ይበልጥ ይፈነዳል፤ የሚፈነዳው በውስጡ የቀረው እንፋሎት ነውና። ደጋግሞ ማጠብ፣ ከዚያ የሚበየደው ቦታ ብቻ እስኪቀር ውሃ መሙላት የግድ ነው። እሳት የማይነካውን በብሎንና በጋስኬት የሚታሰር ክዳን ብመርጥ ይቀለኛል።

አሮጌ ላንድክሩዘር ላይ የናፍጣ ሞተር ሲገባ ነገሩ ይለያል። የናፍጣው ፓምፕ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ስለሆነ ውሃ ወይም ላምባ ይገድለዋል። ውሃ የሚለይ ፊልትሮ ይገጠማል። የቤንዚኑ ሳልቫትዮ ታጥቦ ይደርቃል፣ መስመሩ ውስጥ የገባው አየርም በእጅ ፓምፕ ይወጣል።

ወረቀቱም አይረሳ። የሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ ተጽፏል፤ ካልተስተካከለ ቦሎ ሲመጣ ጣጣ ነው። የሞተሩን ደረሰኝና የጉምሩክ ወረቀት ከሻጩ ሳይቀበሉ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም።

ሥራው ሲያልቅ ግፊት መለኪያ ይገጠማል። የግፊት መቆጣጠሪያው የቫኪዩም ቱቦ (ከሞተሩ አየር መሳቢያ የምትመጣው ቀጭኗ) ሲነቀል ከ2.7 እስከ 3.1 ባር ማሳየት አለበት። ሞተሩ ጠፍቶም ወዲያው ዜሮ መውረድ የለበትም። ከዚያ ሩብ ነዳጅ ብቻ ይዞ ቤዛዊትን መውጣት ነው። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ የመጀመሪያው ፊልትሮ ተፈትቶ ነጭ ጨርቅ ላይ ይራገፋል። ቡናማ ዱቄት ከወጣ ሳልቫትዮው እንደገና ይወርዳል።