የድሮ የጀርመን ሳንቲም ስንት ያወጣል?

አሮጌ የጀርመን ሳንቲም እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዓመቱን ነው። ዕድሜ ግን ብቻውን ዋጋ አያወጣም። እ.ኤ.አ. በ1923 የጀርመን ገንዘብ ማርክ ዋጋው ገደል ሲገባ ከአሉሚኒየም የታተመው ባለ 200 ማርክ መቶ ዓመት አልፎታል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፤ በገፍ ስለታተመ ግን ዛሬም ርካሽ ነው። የእኛው ጠገራ ብርም ምስክር ነው። የ1780ውን ማርትሬዛ ያተመው የጊንስቡርግ ማተሚያ ቤት ያኔ በኦስትሪያ ነገሥታት እጅ ነበር፣ ከተማው ዛሬ ባቫሪያ፣ ጀርመን ውስጥ ነው። መልኳ የታተመበት ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ከሞተች በኋላም ለብዙ ዘመን ያንኑ 1780 እየጻፉ አተሙት። ታዲያ ዓመቱ ምን ይነግረናል?

ከብረቱ እንጀምር። ጀርመን በ1871 አንድ ከሆነች በኋላ የወጣው የብር 5 ማርክ 27.8 ግራም ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ 25 ግራሙ ንጹሕ ብር ነው። የወርቁ 20 ማርክ 7.97 ግራም ሆኖ 7.17 ግራም ንጹሕ ወርቅ አለው። ሌላው ሁሉ ቢቀር ውስጡ ካለው ብር ወይም ወርቅ ዋጋ በታች አትሽጡ። ሚዛኑ ካልገጠመ ወይም ማግኔት ከያዘው ደግሞ ነገሩ አልቋል፣ ፎርጅድ ነው።

ቀጥሎ ማተሚያ ቤቱን የምትናገረው ትንሿ የላቲን ፊደል አለች፤ ኤ በርሊን፣ ዲ ሙኒክ፣ ኤፍ ሽቱትጋርት፣ ጂ ካርልስሩኸ፣ ጄ ሃምቡርግ። ፊደሏ ዋጋውን ሰማይና ምድር ታደርገዋለች። በ1950 ካርልስሩኸ የታተመው ባለ 50 ፕፌኒግ (ፕፌኒግ የማርክ መቶኛ ነው) ብዙ ነው፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ያው ዓመት፣ ያው ፊደል ሆኖ ዙሪያው ላይ «ባንክ ዶይቸር ሌንደር» የሚል (ቀድሞ የነበረው ማዕከላዊ ባንክ ስም) ካለበት ግን 30,000 ብቻ ነው የታተመው፤ ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል። የሁሉም አለቃ በ1917 በሳክሶኒው ሙልደንሁተን ማተሚያ ቤት የታተመው፣ የሉተርን ጠባቂ ፍሪድሪክን የያዘው 3 ማርክ ነው። 100 ብቻ ነው የወጣው። ቅጂው ግን ሞልቷል፣ በርካሽ ካገኛችሁት ደስ አይበላችሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የሳንቲሙ አያያዝ ደረጃ ላይ ነው። ጀርመኖች ከማተሚያው እንደወጣ ያለውን ሽቴምፔልግላንስ፣ ከፍ ያለው ቦታ ብቻ በትንሹ የተነካውን ፎርትሱግሊሽ፣ ብዙ እጅ ቢዞርም ዝርዝሩ የሚታየውን ዜር ሾን፣ በጣም የተፋቀውን ሾን ይሉታል። ፖሊርተ ፕላተ የሚባለው የአያያዝ ደረጃ አይደለም፤ ለሰብሳቢ ተብሎ ተወልውሎ የታተመ ማለት ነው። ቀዳማዊ ቪልሄልም ያለበትን ሳንቲም ከያዛችሁ ብርሃን ላይ ዘንበል አድርጉትና ከጆሮው በላይ ያለውን ጸጉርና የጉንጩን ጺም እዩ፣ ቶሎ የሚፋቀው እሱ ነው። ከጀርባው ደግሞ የንስሩ ደረት ላይ ያለችውን ጋሻ። ሻጭ ሁሌ አንድ ደረጃ ይጨምራል፣ ገዢ አንድ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከካታሎግ ዋጋ ይልቅ በጨረታ በእርግጥ የተሸጠበትን ማየት ይሻላል።

እና እባካችሁ በሎሚም በአመድም በጥርስ ሳሙናም አትሹት! ጥቁረቱን ሰብሳቢ ይወደዋል፤ የታሸ ሳንቲም ግን በአጉሊ መነጽር ጭረቱ ፍንትው ብሎ ይታያል፣ ዋጋውም ያኔውኑ ይወርዳል።

ከዩሮ በፊት ለነበረው የጀርመን ገንዘብ ለዶይቸ ማርክ ዝቅተኛው ዋጋ የታወቀ ነው። የጀርመን ማዕከላዊ ባንክ ያለ ቀን ገደብ 1.95583 ማርክን በ1 ዩሮ ይለውጣል፤ 5 ማርክ 2.56 ዩሮ ገደማ ማለት ነው። ከ1951 እስከ 1974 የታተመውን ባለ ንስር የብር 5 ማርክ ግን ባንክ እንዳትወስዱት። ውስጡ ያለው 7 ግራም ብር ብቻውን ከዚያ ይበልጣል። 1958 እና የሃምቡርግ ጄ ካለበት ደግሞ የታተመው 60,000 ብቻ ስለሆነ በቀጥታ ሰብሳቢ ፈልጉለት።