የኤች ፒ ቪ ክትባት በጅማ፦ ለማን ይሰጣል፣ ያስከፍላልስ?

በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች የማኅጸን በር ካንሰርን የሚከላከለው የኤች ፒ ቪ ክትባት ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 14 ዓመት ለሆኑ ልጃገረዶች በመንግሥት ጤና ተቋማትና በትምህርት ቤቶች ያለ ክፍያ ይሰጣል። አሠራሩ በጤና ሚኒስቴር የተደነገገና በመላ አገሪቱ አንድ ዓይነት ነው። ክትባት በኢትዮጵያ እንደ ወሊድና እንደ ሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ሁሉ ከክፍያ ነፃ ከሆኑት የጤና አገልግሎቶች ስለሚቆጠር፣ ቤተሰቡ የጤና መድን አባል ሆነ አልሆነ ለክትባቱም ሆነ ለመርፌው ገንዘብ አይጠየቅም። ክትባቱ በራሱ ርካሽ አይደለም፤ ከወላጅ ኪስ የማይወጣው አብዛኛውን ወጪ ዓለም አቀፉ የክትባት ጥምረት ጋቪ፣ ቀሪውን ደግሞ መንግሥት ስለሚሸፍኑት ነው።

ክትባቱ የሚከላከለው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ (በአጭሩ ኤች ፒ ቪ) የተባለውን፣ በዋናነት በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ እጅግ የተለመደ ከመሆኑ የተነሣ አብዛኛው ሰው በሕይወት ዘመኑ አንድ ጊዜ ሳይዘው አይቀርም፤ ብዙውን ጊዜም ሰውነት ራሱ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ያስወግደዋል። ጉዳት የሚያደርሰው ሳይወገድ ሲቀር ነው። ከቫይረሱ ዓይነቶች መካከል 16 እና 18 የተባሉት ሁለቱ ብቻ 70 በመቶ ገደማ ለሚሆነው የማኅጸን በር ካንሰር መንሥኤ ናቸው፤ በቫይረሱና በካንሰሩ መካከል ያለውን ዝምድና ያረጋገጡት ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ዙር ሃውዘን እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ከመያዝ እስከ ካንሰር ያለው ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። በሽታው ያለ ሕመም ስለሚያድግ፣ ሴትየዋ ደም ሲፈሳት ወይም ወገቧን ሲያማት ወደ ሐኪም ስትሄድ ብዙ ጊዜ ካንሰሩ ሥር ሰድዶ ይገኛል። በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚያጠቁ ካንሰሮች መካከል ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛውን ስፍራ የያዘ ሲሆን፣ የሚወስደውም ልጆች በማሳደግ ላይ ያሉ እናቶችን ነው።

ክትባቱ ለትንንሽ ልጆች የሚሰጥበት ምክንያት ከዚሁ ይመነጫል። ክትባቱ ያልገባን ቫይረስ ይከላከላል እንጂ የገባን አያስወጣም፤ ስለዚህ ልጅቷ ለቫይረሱ ከመጋለጧ በፊት መድረስ አለበት። በዚያ ዕድሜ የሰውነት የመከላከል ምላሽም ጠንካራ ነው። የ10 ዓመት ልጅ በምን ምክንያት የማኅጸን ክትባት ትወስዳለች ብሎ የሚደነግጥ ወላጅ መኖሩ አይገርምም፤ መልሱ ግን ዛሬ የምትወጋው ለ40 ዓመቷ ነው የሚል ነው።

የጅማ አካባቢ ከዚህ ክትባት ጋር ያለው ትውውቅ ከአብዛኛው አገር ይቀድማል። ክትባቱ በአገር አቀፍ ደረጃ ከመጀመሩ በፊት በ2008 ዓ.ም. ለሙከራ ከተመረጡት ሁለት ወረዳዎች አንዱ በጅማ ዞን የሚገኘው፣ ዋና ከተማው አጋሮ የሆነው የጎማ ወረዳ ነበር፤ ሌላው በትግራይ የሚገኘው የአሕፈሮም ወረዳ ነው። ከሁለቱ ወረዳዎች በተገኘው ልምድ መሠረት ክትባቱ በ2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ተጀመረ። ይሁን እንጂ በወቅቱ በዓለም ላይ የክትባቱ እጥረት ስለነበረ ሊሰጥ የቻለው ዕድሜያቸው 14 ለሆነ ልጃገረዶች ብቻ ነበር፤ እነርሱም በስድስት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ መወጋት ነበረባቸው። ሁለተኛው ዙር ሲመጣ ትምህርት ቤት የቀየረች፣ ያቋረጠች ወይም በዚያ ቀን ያልተገኘች ልጅ ጅምሯን ይዛ ትቀር ነበር።

ይህን የለወጠው የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ያወጣው ምክር ነው። ድርጅቱ ከ9 እስከ 20 ዓመት ላሉት አንድ ዶዝ፣ ማለትም አንድ ጊዜ መወጋት፣ ሊበቃ እንደሚችል ማስረጃ አይቶ ሲያሳውቅ፣ ለአንዲት ልጅ ሁለት ጊዜ ይሰጥ የነበረው ክትባት ለሁለት ልጆች የሚበቃ ሆነ። ኢትዮጵያም ወደ አንድ ዶዝ ተሻግራ በ2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉትን ከሰባት ሚሊዮን በላይ ልጃገረዶች ለመድረስ ያለመ ዘመቻ አካሂዳለች።

በትምህርት ቤት የሚደረገው ሥራ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ጠረጴዛ በአንድ ክፍል ወይም በረንዳ ላይ ይቀመጣል፤ አንዷ ባለሙያ ስም ትመዘግባለች፣ ሌላዋ ትወጋለች። ልጅቷ የደንብ ልብሷን እጅጌ ወደ ላይ ትሰበስባለች፣ ግማሽ ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በክንዷ የላይኛው ጡንቻ ላይ ይሰጣታል፣ ከዚያ 15 ደቂቃ ያህል እዚያው ተቀምጣ ትቆያለች። መቀመጧ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዚህ ዕድሜ መርፌን በመፍራት ብቻ የሚዝለፈለፉ ልጆች ስላሉ ወድቀው እንዳይጎዱ ነው። ለዚህም ነው ቁርሷን በልታ መሄዷ የሚመከረው። ከባዱ ሥራ የሚሠራው ግን ልጆቹ ከመሰለፋቸው በፊት ነው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት፤ ሙቀት ያዳክመዋል፣ በረዶ ከሠራ ደግሞ ይጣላል። ስለዚህ ባለሙያዋ በረዶ የያዘውን ፕላስቲክ ከማቀዝቀዣ አውጥታ ወዲያው ከክትባቱ ጋር አትከተውም፤ ጥቂት ታቆየውና አንስታ ትነቀንቀዋለች፣ ውስጡ ውኃ ሲንቦጫቦጭ ከሰማች ብቻ ወደ ሳጥኑ ታስገባዋለች። አንድ ብልቃጥ ከጅማ ተነሥቶ ጤና ኬላ ደርሶ የልጅቷ ክንድ ውስጥ እስኪገባ የዚህ ዓይነቱ ጥንቃቄ አይለየውም።

ከትምህርት ቤት ውጭ ያሉት ልጃገረዶች ይበልጥ ሊታሰብላቸው ይገባል። መብታቸው ከተማሪዎቹ ጋር እኩል ነው፤ በአቅራቢያቸው ባለ ጤና ጣቢያ ወይም ጤና ኬላ ክትባቱን ያለ ክፍያ ያገኛሉ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ቤት ለቤት እየዞሩ ይመዘግቧቸዋል። ነገር ግን በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ የ12 ዓመት ልጅ ዘመቻ መኖሩን የሚነግራት ሰው ላይኖር ይችላል፤ አሠሪዋ ልጆቿን ስትልክ እርሷንም አብራ መላክ አለባት። የጅማ ዞን ደግሞ የቡና አገር ነው። የ2017ቱ ዘመቻ የተካሄደበት የኅዳር ወር የቡና ለቀማ ወቅት በመሆኑ፣ ብዙ ልጆች ከቤተሰባቸው ጋር ማሳ ውስጥ የሚውሉበት ጊዜ ነው። ዕድሜም ሌላው እንቅፋት ነው፦ የልደት ምስክር ወረቀት የሌላት ልጅ ዕድሜዋ የሚታወቀው በእናቷ ትውስታ ነውና፣ አንድ ዓመት ተሳስቶ መቁጠር ከመርሐ ግብሩ ሊያስወጣት ይችላል።

ኤች አይ ቪ በደሟ ውስጥ ላለ ልጅ አንድ ዶዝ አይበቃም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ ሁለት፣ ከተቻለ ሦስት እንዲሰጣት ይመክራል፤ ስለዚህ ቤተሰቧ ክትትል ለሚያደርግላት ባለሙያ መንገር ይኖርበታል። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ከፍተኛ ትኩሳት ያላት ልጅ እስኪሻላት ትጠብቃለች፤ ለክትባቱ ይዘት ብርቱ አለርጂ ያላት ደግሞ አትወስድም። ወንዶች ልጆች በነፃው መርሐ ግብር ውስጥ የሉም። 15 ዓመት የሞላቸውም ከዚሁ መርሐ ግብር ውጭ ናቸው፤ ለእነርሱና ለእናቶቻቸው የሚቀረው መንገድ በጊዜ መመርመር ነው። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ምርመራውን የሚሰጡ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ሄደው የማኅጸን በራቸውን ማስመርመር ይገባቸዋል፤ ሪፈር የተባሉት የሚደርሱበት የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልም በከተማዋ ውስጥ ይገኛል። የተከተበችም ሴት ዕድሜዋ ሲደርስ ምርመራው አይቀርላትም፣ ክትባቱ ሁሉንም የቫይረሱን ዓይነቶች ስለማይሸፍን።

ቡና ተጠርቶ ጎረቤት ሲሰበሰብ በተደጋጋሚ የሚነሣው ጥርጣሬ ክትባቱ መካን ያደርጋል የሚለው ነው። ይህ እውነት አይደለም። በክትባቱ ውስጥ ያለው የቫይረሱን ውጫዊ ሽፋን የሚመስል ፕሮቲን ነው፤ በሽታ የሚያመጣ ሕያው ቫይረስ የለበትም፣ እንቁላል ማምረቻንም ሆነ ማኅጸንን አይነካም። እንዲያውም መውለድን የሚነጥቀው ካንሰሩና ማኅጸን እስከማውጣት የሚደርሰው ሕክምናው ነው። የተለመደው የጎንዮሽ ጉዳት በተወጋው ክንድ ላይ የሚሰማ ሕመምና እብጠት፣ አንዳንዴም ራስ ምታት ወይም ቀላል ትኩሳት ሲሆን፣ በአንድ ሁለት ቀን ያልፋል። ይህን ለአንዲት እናት በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ፣ በምትሰማው ቋንቋና ከምታምነው ሰው አፍ ማስረዳት ከማንኛውም ፖስተር ይበልጣል። ብዙ ጊዜ ያ የምታምነው ሰው የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ የመስጊዱ ኢማም ወይም የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ ነው።

ልጅቷ ከተከተበች በኋላ የምትቀበለው ካርድ ከልደት ወረቀቷ ጋር መቀመጥ አለበት። ትምህርት ቤት ብትቀይር ወይም ከወረዳ ወደ ከተማ ብትሄድ መከተቧን የሚመሰክርላት እርሱ ነው። ያመለጣት ልጅ ደግሞ 15 ዓመት ሳይሞላት፣ የሚቀጥለውን ዘመቻ ሳትጠብቅ መከተብ ትችል እንደሆነ በአቅራቢያዋ ያለውን ጤና ጣቢያ ትጠይቅ።