ወላጅ ሳይጠየቅ፦ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆችና ጽንስ ማቋረጥ በመሀል አዲስ አበባ

ፒያሳ፣ ስታዲየም ወይም ካዛንቺስ አካባቢ ያለ ጤና ተቋም ገብታ ጽንስ ማቋረጥ የምትጠይቅ የ16 ዓመት ልጅ የወላጅ ፊርማ ይዛ መምጣት የለባትም። ባለሙያውም ለወላጆቿ የማሳወቅ ግዴታ የለበትም። ይህን የማያውቁ ብዙ ናቸው። ልጆቹ ራሳቸው አያውቁትም፤ አንዳንድ ባለሙያም ይዘነጋዋል።

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጽንስ ማቋረጥን የሚፈቅደው የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና ከባድ አደጋ ላይ ሲወድቅ ብቻ ነበር። ሕጉ ጠበቀ እንጂ ማስወረዱ አልቀረም። በ1970ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ የተደረገ ጥናት ከእርግዝናና ከወሊድ በቀጥታ ከሚመጣው የእናቶች ሞት ከግማሽ በላዩን ያደረሰው ውርጃ መሆኑን አሳይቷል። የማህፀን ሐኪሞችና የሴት ሕግ ባለሙያዎች ሕጉ እንዲሻሻል ሲወተውቱ ይህ ሞት ዋናው መከራከሪያቸው ነበር።

አሁን የሚሠራው የወንጀል ሕግ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ጸንቷል። ጽንስ ማቋረጥ ዛሬም በመርህ ደረጃ ወንጀል ነው። አንቀጽ 551 ግን በሮች ከፍቷል፦ አስገድዶ መድፈርና የዘመድ ግንኙነት፣ የእናት ወይም የጽንስ ሕይወትና የእናት ጤና አደጋ፣ የማይድን ከባድ የጽንስ ጉድለት። ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ግን ከእነዚህ ቀጥሎ ያለው የመጨረሻው በር ነው። ነፍሰ ጡሯ ለአካለ መጠን ያልደረሰች በመሆኗ ልጁን ለማሳደግ በአካልም በአእምሮም ካልተዘጋጀች ይፈቀዳል። ልጅነቷ ራሱ ምክንያት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ዝርዝሩን የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. በመመሪያ አወጣው፤ በኋላም አሻሻለው። ልጅቷ የተናገረችው ዕድሜ ይበቃል፤ የልደት ካርድ አምጪ አትባልም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የቀበሌ መታወቂያ የሚሰጠው ከ18 ዓመት ጀምሮ ነው፤ የእሷ ወረቀት ብዙ ጊዜ የተማሪ መታወቂያ ነው። ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ የስምምነት ቅጽ እንድትፈርምም አትገደድም። ተደፍሬ ነው ካለችም ቃሏ ብቻ በቂ ነው፤ የፖሊስ ወረቀት አይጠበቅም።

ነገሩ ግን ከሌላው ሕጋችን ጋር ትንሽ ይጋጫል። የቤተሰብ ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ ጤና የመጠበቅ ኃላፊነት ለሕጋዊ ሞግዚት፣ በመጀመሪያ ደረጃ ለወላጆቿ፣ ይሰጣል። በሌላ ቀዶ ሕክምና ላይ የሚፈርመው አባት ወይም እናት ነው። እዚህ ላይ ለምን ተዘለሉ? አንዱ መልስ፣ በእኔ ግምት ጠንካራው፣ የደፈራት ሰው አንዳንዴ እዚያው ቤት መኖሩ ነው። ለእንጀራ አባት ወይም ለአጎት ማሳወቅ ማለት ለራሱ ለበዳዩ ማሳወቅ ሊሆን ይችላል። ስታዲየም አካባቢ ያለው የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶችና ሕፃናት ሕክምናንና የሕግ ድጋፍን በአንድ ቦታ የሚያገኙበት ማዕከል አለው። ወደዚያ የሚመጡ ጉዳዮችን ያየ ሰው ይህን አያጣውም።

በአሜሪካ በብዙ ግዛቶች ነገሩ በተቃራኒው ነው። ወላጅ ይነገረዋል ወይም ይፈቅዳል። በ1979 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ግዛት የወላጅን ፈቃድ ግዴታ ካደረገ ልጅቷ ለወላጅ ሳትናገር ዳኛ ፊት ቀርባ የምታስፈቅድበት መንገድ መኖር አለበት ብሎ ነበር። የኛን ልጅ ልደታ ፍርድ ቤት ወረፋ ስትጠብቅ አስቡት። የወላጅ መብት ተሟጋቾች ግን ባዶ አያወሩም። ልጃቸው ሕክምና ወስዳ ብትታመም ምን እንደወሰደች የማያውቁት፣ ቤት የሚያስታምሟት እነሱ ናቸው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ጽንስ ማቋረጥን ከነጭራሹ ትቃወማለች።

በተግባር ምስጢሩ የሚያፈተልከው ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ ስልክ ይጠየቃል። ልጅቷ የራሷ ስልክ ከሌላት የእናቷን ቁጥር ትሰጣለች፤ ለቀጠሮ የሚደወለውም በዚያው ነው። ጮክ ብሎ «ለምንድን ነው የመጣሽው?» የሚል ጸሐፊ ካለ ደግሞ አግዳሚ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ይሰማል። የወንጀል ሕጉ የሙያ ምስጢር የሚያወጣ ሐኪምን ይቀጣል። ጎረቤትን ግን ማን ይከሰዋል? ስለዚህ የመርካቶዋ ልጅ ሜክሲኮ፣ የልደታዋ ደግሞ ካዛንቺስ ሄዳ መታከም ትመርጣለች።

ብቻዋን የምትመጣም ጥቂት ናት። ታላቅ እህት፣ አክስት፣ ወይም «እህቴ ናት» የምትባል ጓደኛ አብራ ትመጣለች። የግል ክሊኒክ ከሆነ ገንዘብም ያስፈልጋል፤ ብሩን ከየት አመጣሽው የሚለው ጥያቄ እናትን ያነቃል።

ከሁሉም በላይ ግን ጊዜ ነው ጉዳዩን የሚወስነው። እስከ 12 ሳምንት ያለውን ጤና ጣቢያ ውስጥ የሠለጠነ ነርስ፣ አዋላጅ ወይም ጤና መኮንን መሥራት ይችላል፤ ልጅቷም አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ቤቷ ትገባለች። ከዚያ ካለፈ ወደ ሆስፒታል ትላካለች። ልጆች ደግሞ እርግዝናውን ዘግይተው ያውቁታል፤ ካወቁም በኋላ ፈርተው ይቆያሉ። ሆስፒታል ከገባች ማደር ሊኖር ይችላል፤ ያን ጊዜ ሕጉ ባያዝም ቤተሰብ መስማቱ አይቀርም።