በታተመ ቅጽ ላይ ጽሑፍ ማገጣጠም ምንድን ነው?

ማተሚያ ቤት አትሞ ያስረከበው ሰርተፍኬት ወይም ቅጽ አለ፤ ጠርዙ ባለቀለም ነው፣ አርማውና ጽሑፍ የሚሞላበት የነጠብጣብ መስመር ቦታውን ይዟል። የቀረው ስም፣ ቀንና ቁጥር ብቻ ነው። እነዚህን በማይክሮሶፍት ወርድ ጽፎ፣ ያንኑ ወረቀት ፕሪንተር ውስጥ አስገብቶ እያንዳንዱ ቃል በተሰመረለት ቦታ እንዲያርፍ ማድረግ ማገጣጠም ይባላል። ሥልጠናና ምርቃት በሚበዛበት በሰኔና በሐምሌ ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶችን በብዛት የሚያጋጥማቸው ሥራ ይኸው ነው።

ወርድ ነጠብጣቡ የት እንዳለ አያውቅም። የሚያውቀው የወረቀቱን መጠን ብቻ ስለሆነ ልኬቱ ሁሉ ከወረቀቱ ጠርዝ መነሳት አለበት። ስፔስና ኢንተር እየመቱ ማስጠጋት የማይሠራውም ለዚህ ነው፦ ለ«ዘይኑ አሊ ሰይድ» የተስተካከለው መስመር «ገብረመስቀል ወልደሥላሴ ኃይለማርያም» ሲገባበት ከኋላው ያለውን ቀን ገፍቶ ያስወጣዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ የወረቀቱን መጠን ማረጋገጥ ይገባል። ኤ4 210 በ297 ሚሊሜትር፣ ሌተር ደግሞ 216 በ279 ሚሊሜትር ነው። ወርድ ላይ ሌተር ተመርጦ ፕሪንተሩ በኤ4 ወረቀት ከተሞላ ከዚያ በኋላ የሚደረገው ልኬት ሁሉ ከንቱ ነው። ቀጥሎ በማስመሪያ ከላይኛው ጠርዝ እስከ ነጠብጣቡ፣ ከግራ ጠርዝ እስከ ነጠብጣቡ መጀመሪያ ይለካል። ቅጹን ስካን አድርጎ ከጽሑፍ ጀርባ ማስቀመጥ ለዓይን ይረዳል፤ ነገር ግን ስካነር ጠርዝ ሊቆርጥ ስለሚችል የሚታመነው ማስመሪያው ነው። ምስሉን ከማተም በፊት ማጥፋት አይረሳ።

ለእያንዳንዱ ባዶ ቦታ አንድ ቴክስት ቦክስ (የጽሑፍ ሳጥን) ይከፈትና ቦታው «ከፔጅ» አንጻር በቁጥር ይሞላል፤ «ከፓራግራፍ» አንጻር ከሆነ ጽሑፉ በተነቃነቀ ቁጥር ሳጥኑም ይነቃነቃል። የሳጥኑን ክፈፍ ማጥፋት ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው የውስጥ ማርጂኑን፣ ማለትም በክፈፉና በጽሑፉ መካከል ያለውን ክፍተት፣ ነው። ወርድ ሳይጠየቅ በግራና በቀኝ 2.5 ሚሊሜትር፣ ከላይና ከታች 1.3 ሚሊሜትር ገደማ ይጨምራል። ሁሉም ዜሮ ይሁን። ጽሑፉ በሳጥኑ ውስጥ ወደ ታች ይጠጋ፤ ያኔ ፊደሉ ቢተልቅም ነጠብጣቡ ላይ እንደተቀመጠ ወደ ላይ ያድጋል። ስሙን መሐል ማድረግ ደግሞ አጭሩንም ረጅሙንም ያስተናግዳል።

ብዙ መስመር ባለው ቅጽ ላይ የላይን ስፔሲንጉ (የመስመሮቹ ርቀት) «ኤግዛክትሊ»፣ ማለትም በቁጥር የተወሰነ፣ ይሁን። ወርድ ይህን የሚለካው በፖይንት ነው፤ አንድ ሚሊሜትር 2.83 ፖይንት ስለሆነ፣ ነጠብጣቦቹ 8 ሚሊሜትር ከተራራቁ 22.7 ይሞላል። በ«ሲንግል» ከተተወ የግዕዝ ፎንቶች ቁመት ስለሚለያይ፣ ኒያላ በተባለው ፎንት የተሠራው ፋይል ኒያላ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት መስመሮቹ ይንሸራተታሉ። ቁጥሩ በጣም ካነሰ ግን የፊደሉ አናት ይቆረጣል።

ሙከራው በተራ ወረቀት ይሁን። መጀመሪያ ጥጉ ላይ ቀስት የተሳለበት ወረቀት ያስገቡ፤ የትኛው ፊት እንደሚታተምና የትኛው ጠርዝ ቀድሞ እንደሚገባ ያሳያል። ከዚያ የታተመውን ሙከራ ከቅጹ ጋር ደርቦ በመስኮት ብርሃን ማየት ነው። ካልገጠመ ከመነካካት በፊት ስሕተቱን ማንበብ ይገባል።

ሁሉም ጽሑፍ እኩል፣ ለምሳሌ 3 ሚሊሜትር፣ ወደ ታች ከወረደ ምክንያቱ ፕሪንተሩ ወረቀቱን የሚይዝበት ቦታ ነው፤ ሳጥኖቹን 3 ሚሊሜትር ከፍ ማድረግ ይበቃል። ይህ መጠን በየፕሪንተሩ ስለሚለያይ የፕሪንተሩን ስም በፋይሉ ስም ላይ መጨመር ብልህነት ነው። ላይኛው ገጥሞ ታችኛው እየራቀ ከሄደ ግን ገጹ ተጨምቋል። የ100 ሚሊሜትር መስመር አትሞ መለካት ነው፤ 97 ከመጣ በማተሚያው መስኮት ላይ ገጹን ከወረቀቱ ጋር የሚያመጣጥነው «ፊት» (Fit) የሚለው ምርጫ ወይም በወርድ አድቫንስድ ውስጥ ያለው የኤ4ና የሌተር ማመጣጠኛ በርቷል። ሳጥን እያነሱ እየጣሉ ይህን ማረም አይቻልም።

ከወረቀት ወረቀት ከተለያየስ? ቅጾቹን ደርድሮ ጠርዛቸውን ማየት ነው። ባለቀለሙ ክፈፍ በአንዱ ወደ ጠርዝ ቀርቦ በሌላው ከራቀ ጥፋቱ የማተሚያ ቤቱ መቁረጫ ነው፤ ወርድ አያድነውም። ተመሳሳዮቹን ለይቶ በየቡድኑ ማተም ይቻላል። ክፈፉ እኩል ሆኖ ጽሑፉ ብቻ ከዘመመ የትሪው (የወረቀት ማስገቢያው) መያዣ ከወረቀቱ ጋር አልተጠጋም።

በክረምት፣ ጭጋጉ ደሴን ሲሸፍን፣ ከማሸጊያው የወጣ ወረቀት እርጥበት ጠጥቶ ይታጠፋል፤ ታጥፎ የገባ ደግሞ ይዘማል ወይም ይጣበቃል። የዕለቱን ያህል ብቻ ማውጣትና ማራገብ ይረዳል። ወፍራም ሰርተፍኬት ከሆነ በፕሪንተሩ ላይ የወረቀት ዓይነቱን ወደ ወፍራም መቀየር ያስፈልጋል፤ አለዚያ ቶነሩ (የሌዘር ፕሪንተር የቀለም ዱቄት) ሳይያዝ ቀርቶ በጣት ሲታሽ ይላቀቃል። ፕሪንተሩ የኋላ በር ካለውም ወረቀቱ ሳይታጠፍ እንዲወጣ መክፈት ነው።

በካርቦን የሚባዛ ደረሰኝ ግን የሌዘር ፕሪንተር ሥራ አይደለም። ሌዘር ወረቀቱን ስለማይመታ ቅጂው ባዶ ይቀራል፤ በመርፌ የሚመታ ዶት ማትሪክስ ፕሪንተር ይፈልጋል።