ዝም የሚያሰኙ ቁራጮች፦ ትናንሽ አርኤንኤዎች በማሽላ ፍሬ አፈጣጠር

አርኤንኤ የዲኤንኤ ዘመድ የሆነ፣ በኬሚካል ፊደላት ሰንሰለት የተሠራ ሞለኪውል ነው። ትናንሽ አርኤንኤ የሚባሉት ከ20 እስከ 24 ፊደል ያህል ብቻ የሚረዝሙ፣ ፕሮቲን የማይሠሩ፣ ሥራቸው ሌሎች ዘረ መሎችን ዝም ማሰኘት የሆነ ቁራጮች ናቸው። በዕፅዋት መኖራቸው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የዘር ፍሬ ያለ እነሱ በወጉ አይፈጠርም።

በድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ከሚሰፈረው የሐረርጌ ፈንዲሻ ማሽላ አንዲት ፍሬ ለሁለት ቢሰነጥቋት፣ ጥግ ይዞ የተቀመጠ ትንሽ ጽንስና የቀረውን ቦታ የሞላ ነጭ ስንቅ ይታያል። ዱቄቱ፣ ከዱቄቱም እንጀራውና ገንፎው የሚገኘው ከዚህ ስንቅ ነው። ጽንሱና ስንቁ መንትያ ናቸው። ከአንድ የአበባ ብናኝ ከሚወጡ ሁለት የወንዴ ሕዋሳት አንዱ ከእንቁላሏ ጋር፣ ሌላው ሁለት የእናት ኑክሊየስ (የሕዋስ እምብርት) ካላት ጎረቤት ሕዋስ ጋር ይዋሃዳል። ስለዚህ የማሽላ ጽንስ 20 ክሮሞዞም ሲኖረው ስንቁ 30 አለው፤ 20ው ከእናት፣ 10ሩ ከአባት የመጣ ነው። ልባሱማ ሙሉ በሙሉ የእናት ነው።

የዘረ መል ተመራማሪው ጄሪ ከርሚክል እ.ኤ.አ. በ1970 በበቆሎ ላይ ያሳየው ነገር ዛሬም ያስደንቃል። አንድ የቀለም ዘረ መል በእናት በኩል ሲመጣ ፍሬው ወጥ ቀለም ይይዛል፤ በአባት በኩል ሲመጣ ዝንጉርጉር ይሆናል። ዘረ መሉ ያው ነው፤ ልዩነቱ ያለው በመጣበት ወገን ላይ ነው።

ትናንሽ አርኤንኤዎች ዘረ መልን ዝም የሚያሰኙት እንዲህ ነው። ዳይሰር የተባለ ኢንዛይም ጥንድ ክር ያለውን አርኤንኤ ይቆራርጣል፤ ቁራጩን አርጎኖት የተባለ ፕሮቲን ይዞ ፊደሉ የሚገጥመውን ይፈልጋል። 21 ፊደል ያላቸው ማይክሮ አርኤንኤዎች የዘረ መሉን ትእዛዝ ለፕሮቲን ሥራ የሚያደርሰውን መልእክተኛ አርኤንኤ ያስቆርጣሉ ወይም እንዳይነበብ ያግዳሉ። ባለ 24ቱ ዲኤንኤው ላይ ሜቲል የሚባል፣ ዘረ መልን የሚዘጋ ኬሚካላዊ ምልክት ያስቀምጣሉ፤ ከቦታ ቦታ የሚዘሉ ዘረ መሎች የሚታሰሩት በዚህ ነው።

አራቢዶፕሲስ በተባለችው የላቦራቶሪ ዕፅ ማይክሮ አርኤንኤ የሚሠራው ዳይሰር ሲጎድል፣ ማይክሮ አርኤንኤ 156 ሊይዛቸው የሚገቡ ዘረ መሎች ጽንሱ ገና ስምንት ሕዋስ ሳለ ሥራ ይጀምራሉ። ለፍሬ ማብሰያ የተመደበው ሥራ ያለ ጊዜው ይጀመርና እድገቱ ይቆማል። ከጎመን ዘር ዘመዶች በአንዱ ደግሞ እናቲቱ ባለ 24ቱን መሥራት ሲሳናት አብዛኛው ፍሬ ይጨነግፋል፤ ጉድለቱ በአባት በኩል ሲሆን ግን ፍሬው ይደርሳል። ለእኔ ከሁሉ የሚልቀው ግኝት ይህ ነው፤ እናት ለፍሬዋ ከምግብ ሌላ ሥርዓትም ታበጃለች ማለት ነውና።

በድሬዳዋና በሐረር መካከል የሚገኘው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ የቀድሞው አለማያ ኮሌጅ፣ ከማሽላ ጋር የቆየ ዝምድና አለው። በ1973 እ.ኤ.አ. ከዚያ የተመረቁት ገቢሳ ኤጀታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። ማሽላ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ሰብል በመሆኑ፣ እናት እንድትሆን ከተመረጠችው ዛላ ላይ ሦስት ሦስቱን የብናኝ ከረጢቶች ከየአበባው በወረንጦ መልቀምና ዛላውን በወረቀት መሸፈን ግድ ነው። ከዚያ በኋላ የአባቱ ብናኝ ይነሰነሳል፤ በማዳቀያ መዝገቡም የእናቲቱ ስም ቀድሞ ይጻፋል።